የባሕር ዳሩ ፋይበር ወይስ የሐይቁ ብረት? ያገለገለ የዓሣ ጀልባ ስለመግዛት

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ውሃ ዓሣ እያሰገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ለማቅረብ አስበዋል፤ ለአዲስ ጀልባ የሚበቃ ገንዘብ ስለሌላቸው ያገለገለ ይፈልጋሉ። ሁለት ጀልባዎች ቀርበውላቸዋል። አንደኛው ባሕር ዳር ያለ የ6 ሜትር ፋይበር ግላስ ሲሆን 15 የፈረስ ጉልበት ካለው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ ከሚሠራ ያማሃ ሞተር ጋር ይሸጣል፤ ከተጠየቀውም ዋጋ ሁለት ሦስተኛው የሞተሩ ነው ተብለዋል። ሁለተኛው 5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በላሜራ የተበየደ፣ ሞተር የሌለው ጀልባ ሲሆን ባለቤቱ ሥራ ስለቀየረ እዚያው ውሃው ዳር ተገልብጦ ተቀምጧል። ጥያቄያቸው የትኛው ይሻላል፣ ሞተር የሌለውን ብንገዛ እንቆጫለን ወይ፣ ስንገዛስ ምን ምኑን እንይ የሚል ነው።

የምመልሰው እንደ ብረት በያጅና እንደ ሞተር ጠጋኝ ነው። ዛሬ የምሠራው ኮምቦልቻ ሲሆን ከዚያ በፊት ጣና ዳር ለበርካታ ዓመታት የጀልባ ሞተርና የብረት ጀልባ ስጠግን ቆይቻለሁ። በአጭሩ፣ የብረቱ ጀልባ ከዚህ በታች የምገልጸውን ፍተሻ ካለፈ እሱን ግዙ፤ ካላለፈ የፋይበሩን ጀልባ ያለ ሞተሩ ጠይቁ፤ ሻጩ ለብቻው አልሸጥም ካለ ሌላ እስኪገኝ ጠብቁ። እንዲህ የምለው ሞተር ጠልቼ ሳይሆን በእናንተ ውሃ ላይ ገንዘባችሁን የሚበላው ሞተሩ፣ ሥራችሁን የሚሠራው ግን የጀልባው አካል መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ስለ ውሃው ጥቂት ልበል፤ ጀልባ የሚመረጠው ለሚውልበት ውሃ ነውና። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ እዚያ አንድ አስጋሪ መረቡን ለመጣል ረጅም መንገድ ሊሄድ ስለሚችል ሞተር ይገባዋል። የሐይቅ ከተማው ውሃ ደግሞ ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ ዋናው የምትሸጡት ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ውሃ ገብቶ የተራባ ዓሣ ሲሆን የሚመገበውም የሚራባውም ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ላይ በመሆኑ መረባችሁን በአብዛኛው የምትጥሉት ከዳር ብዙ ሳትርቁ ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ውሃ ላይ የሰጠመ ነገር ተመልሶ አይወጣም፤ ሞተር ከማሰሪያው ተፈትቶ ቢወድቅ ተሰናብታችሁታል ማለት ነው።

ሁለት ሰዎች ደህና መቅዘፊያ ይዘው የ5 ሜትር ጀልባ ሳይጣደፉ በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይቀዝፋሉ። መረቡ ከዳር 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢጣል እንኳ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲሠራ በሰዓት ወደ 6 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የሞተር ዘይት ይጨመራል። ማታ መረብ ለመጣል፣ ጠዋት ለማንሳት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሰዓት ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን ሁሉ ብታቃጥሉ ከመረቡ የሚገኘው ጥቂት ኪሎ ቆሮሶ ለቤንዚን ይሄዳል። በዚያ ላይ ነዳጅ ማደያ የሚውለው ሰልፍ አለ፤ በጀሪካን መቅዳት ደግሞ እንደ ወቅቱ የተከለከለ ወይም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሊሆን ይችላል።

ከፍታውንም አትርሱ። ይህ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚገኘው። ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ 15 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጣችሁ ወደ 12 ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣው ሞተር ከፍታው ተቀራራቢ ስለሆነ እምብዛም አይሰማችሁም፤ ከአርባ ምንጭ ወይም ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሞተር ቢቀርብላችሁ ግን ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። ሻጩ እንዳታለላችሁ አድርጋችሁ አትዩት፤ ቀጭን አየር ላይ የሚገባው ቤንዚን በዝቶበት ነውና በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቁራጭ ቀዳዳዋ በጠበበች መቀየር ይበቃል።

አሁን ወደ ብረቱ ጀልባ እንሂድ፤ ብዙ የምለውም ስለ እሱ ነው።

የብረት ጀልባ ከውጭ አይበሰብስም፤ የሚበላው ከውስጥ ነው። የዓሣ ደም፣ ቅርፊትና የመረብ ጭቃ ከወለሉ ሥር፣ ከጎድን ብረቶቹ ግርጌና ከኋለኛው ማዕዘን ይጠራቀማል፤ ውሃውም እዚያው ይቆማል፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ተገልብጦ ያለውን ጀልባ ከላይ አይታችሁ «ሆዱ ንጹሕ ነው» ብላችሁ አትመለሱ። አስገልብጡትና የወለሉን ሳንቃ አስነሱ። ሻጩ ሳንቃው በምስማር ስለተመታ አይነሳም ካላችሁ ምስማሩን ራሳችሁ ነቅላችሁ ራሳችሁ እንደምትመልሱ ንገሩት፤ ያን ጊዜም እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሳንቃው ከተነሳ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ በየአንድ ስንዝሩ መታ መታ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፤ በጣም ከሳሳ ደግሞ መዶሻው ምልክት ይተዋል። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በጠመኔ እያከበባችሁ ብታልፉ መጨረሻ ላይ ጀልባው ራሱ ካርታውን ያሳያችኋል። ክቦቹ ተበታትነው እዚህም እዚያም ከሆኑ በጥገና ይመለሳል። ሁሉም በአንድ መሥመር፣ በተለይ ሆዱና ጎኑ በሚገናኙበት ስፌት ላይ ተደርድረው ከሆነ ግን ሆዱን እንዳለ መቀየር ሊጠይቅ ስለሚችል ተዉት። የላሜራውን ውፍረት በትክክል ለማወቅ ከፈለጋችሁ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ በአንድ ሁለት ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስበስታችሁ ለኩት፤ ቀዳዳውን መልሶ መበየድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 16 ኪሎ፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ወደ 24 ኪሎ ይመዝናል። ለምትቀዝፉት ጀልባ ቀላሉ ይመረጣል፤ ነገር ግን አዲስ ሳለ 2 ሚሊ ሜትር የነበረ ላሜራ ዛሬ 1 ተኩል ከሆነ ሩቡ ሄዷልና ዋጋው ላይ በደንብ ተነጋገሩ።

ቀለም የተቀባ ጀልባ ከቀረበላችሁ ደግሞ ማግኔት ያዙ። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ አረንጓዴ የብረት ጀልባ ገዛን፤ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር፤ እኛም «እንዴት አድርጎ ይዞታል!» ብለን ተደስተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ በቀኝ በኩል ኋላው ዘሞ ውሃ ይዞ አገኘነው። ስንፍቀው ከቀለሙ ሥር የመዳፍ ስፋት ያለው ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛ ልስን)፣ ከስቱኮው ሥር እንደ ወንፊት የተበሳሳ ላሜራ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ሬንጅ ተለስኖ ወጣ። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ ግን ይንሸራተታል ወይም ይወድቃል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቀለሙን ሳይጭር፣ ሆዱን በሙሉ ማሰስ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ያቺን ማግኔት እስካሁን በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አኑሬያታለሁ።

ለስፌቱ ደግሞ በያጆች የምናውቀው የቆየ ፍተሻ አለ። ጠመኔ ወይም ኖራ በውሃ በጥብጣችሁ ከውጭ በኩል የብየዳውን መሥመር ቀቡትና ነጭ ሆኖ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ያንኑ መሥመር በነጭ ጋዝ በተነከረ ብሩሽ አርሱት። ነጭ ጋዝ ውሃ የማያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ እንኳ ሾልኮ ስለሚገባ ብየዳው የመርፌ ቀዳዳ ካለበት ከውጭ ባለው ነጭ ላይ እንደ ቅባት ጠብታ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ይላል። ቶሎ ካልታየ እስከ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እንዲህ ያለ ነጥብ ሦስት አራት መገኘቱ ጀልባውን አያስጥልም፤ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል። ነጭ ጋዙ በደንብ ተጠርጎ ሳይደርቅ ግን ክብሪትም ብየዳም አይቅረብ።

ነጥቦቹ በየስንዝሩ የሚወጡ ከሆነ የበየደው ሰው ስፌቱን በሙሉ እንዲሁ ሠርቶታል ማለት ነው። ይህ ከዝገት የከፋ ነው፤ ዝገት ያለበት ቦታ ይታወቃል፣ ክፉ ብየዳ ግን የት ላይ እንደሚለቅ አይታወቅም።

የብረት ጀልባ አንድ ትልቅ ጉድለት ያለበት ሲሆን ሻጮች አያነሱትም፤ ውሃ ከሞላበት ይሰጥማል። እንጨት ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ ደህና ተደርጎ የተሠራ ፋይበርም ፎም ስላለበት ሰው ይይዘዋል። ብረት ግን ውስጡ የታሸገ የአየር ክፍል ከሌለው 88 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ይህ ጀልባ ከፊትና ከኋላ የተዘጋ ክፍል እንዳለው አረጋግጡ፤ ቢኖረውም ውሃ አለመያዙን አንኳኩታችሁ ስሙ። ከሌለው ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። 250 ኪሎ የሚመዝን የብረት ጀልባ ውሃ ሞልቶበት ሳይሰጥም እንዲቆይ ወደ 220 ሊትር የታሸገ አየር ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖችን ክዳናቸውን አጥብቃችሁ በመቀመጫዎቹ ሥርና በአፍንጫው ውስጥ በመረብና በገመድ ብታስሩ 15ቱ 300 ሊትር ይሰጧችኋል፤ ጀልባውንም ይይዙታል፣ ጠርዙን ጨብጠው ለሚጠብቁ ሰዎችም ይተርፋሉ። በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይከማቹ በፊትና በኋላ ተካፍለው ይታሰሩ። መልክ አያሳምርም፤ ወጪው ግን ያን ያህል አይደለም።

የፋይበሩን ጀልባ ለማየት ባሕር ዳር ድረስ ከሄዳችሁ ዓይናችሁን መጀመሪያ የምትጥሉት ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ይሁን። በብዙ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ በፋይበር የተለበጠ ኮምፔርሳቶ ነው። በብሎን ቀዳዳዎቹ በኩል ለዓመታት ውሃ ሲገባበት ከውጭ ያማረ እንደሆነ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሞተሩ በቦታው ታስሮ ሳለ የታችኛውን ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዙት፤ ግድግዳው ከሞተሩ ጋር ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከብሎኖቹ ሥር ቡናማ ውሃ ካዠ በስብሷል። የወለሉን ጠንካራነት በባዶ እግር ረግጣችሁ ዕዩ፤ የሚሰምጥ የሚመስል ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው እንጨት ወይም ፎም ውሃ ጠጥቷል። ሆዱን በሳንቲም አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ደግ ነው፣ የደነዘ ድምፅ ድርቦቹ ተላቅቀዋል ማለት ነው። ከላይ ያለው ቀጭን የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ከፀሐይና ከትንንሽ ግጭት የሚመጣ በመሆኑ ብዙ አያሳስብም፤ በአንድ አቅጣጫ ረዝሞ የሚሄድና ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ያሳስባል። ሆዱ ላይ አብጠው የተቋጠሩ ነጠብጣቦች ካሉ አንዷን አፍርጡና አሽትቱ፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ውሃ ወደ ፋይበሩ ውስጥ ዘልቋል። ጀልባው ነገ ይሰጥማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ ብረት የሚበይድ ሰው በየሰፈሩ ሲኖር ፋይበር አሳምሮ የሚጠግን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ይህን በዋጋው ውስጥ አስቡት።

የእንጨት ጀልባ አልጠየቃችሁም፤ ሊቀርብላችሁ ስለሚችል ግን አንድ ነገር ልበል። በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ያለ ችግር የሚገባበት ቦታ በስብሷል። ለወራት ደረቅ መሬት ላይ የዋለ የእንጨት ጀልባ ሳንቃው ስለሚኮማተር ውሃ ላይ በተጣለ ማግስት ያፈስሳል፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስፌቱ ስለሚገጥም ሁለት ቀን ሳትጠብቁ አትፍረዱበት።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ሞተሩንም እንግዛው ካላችሁ ቢያንስ በቅጡ ግዙት። ከመምጣታችሁ በፊት እንዳያስነሳው ለሻጩ ንገሩት፤ ስትደርሱም መጀመሪያ ክዳኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ካለ ከእናንተ በፊት ተለማምዷል፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ነው ማየት የምትፈልጉት። ከዚያ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስጠልቃችሁ አስነሱት፤ ያለ ውሃ ፈጽሞ አይነሳ፤ ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ ደርቆ ከተሽከረከረ ወዲያው ይቃጠላልና። በጎኑ የሚወጣው ቀጭን የውሃ ክር ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ ከቆመ ወይም እንደ እንፋሎት ከሆነ ማቀዝቀዣው ተዘግቷል። ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ አላልታችሁ ጥቂት ጠብታ አስወጡ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብረቀረቀ ማርሹ እየተበላ ነው። የሁለቱን ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ አስለኩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት መካኒኮች ይሳሳታሉ፤ መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል ከፍታ የሚለካ ነው፣ በእኛ ከፍታ መለኪያው ከዚያ ወደ አንድ አምስተኛ ቀንሶ ቢያሳይ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሞተር ከሆነ ደግሞ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ፈልጉ፤ ጨው ነው። ጨው የበላው ሞተር ዛሬ ቢሠራም ነገ ለጥገና ሲፈታ ብሎኖቹ አንገታቸው ላይ ይበጠሳሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ውሃ ላይ ሳትሞክሩት ገንዘብ አትስጡ። ሙከራ ስል ሻጩ እየነዳ ዞር አድርጓችሁ መመለሱን አይደለም። 50 ኪሎ አሸዋ የያዙ ስድስት ጆንያዎች ጫኑ፤ ይህ ከመረቡ፣ ከዓሣውና ከእናንተ ሌላ ከሚሳፈር አንድ ሰው ጋር ይስተካከላል። ራሳችሁ ሁለታችሁ ግቡበት። ከውሃው እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ይገባበታል። ቀጥሎ ሁለታችሁም በአንድ ጎን ቁሙና መረብ እንደምትስቡ ሆናችሁ ጎንበስ በሉ፤ የሥራ ቀናችሁ ግማሹ በዚህ አኳኋን ነው የሚያልፈውና ጀልባው ዘንበል ብሎ መቆም ሲገባው እየቀጠለ ሲዘም ከተሰማችሁ አትግዙት። ሲመሽ ጆንያዎቹን አውርዳችሁ ባዶውን ውሃ ላይ አሳድሩትና ጠዋት ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ተመልከቱ፤ አንድ ሁለት ጣሳ ውሃ ጤዛም ሊሆን ይችላል፣ ባልዲ ከሞላ ግን ስፌቱ ነው።

ባሕር ዳር ስላለው ጀልባ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ከዋጋም ከጥራትም በላይ አድርጌ የማየው ነው። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተንሰራፋው እምቦጭ ያደረሰውን ጉዳት ሁላችሁም ሰምታችኋል። አረሙ በቁራጩም በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የጀልባው ወለል ሥር የቀረ አንድ እፍኝ ጭቃ፣ በመረብ ክር የተያዘ አንድ ቁራጭ፣ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረ ውሃ ያን አረም ወደ ሐይቅ ከተማው ውሃ ሊያሻግረው ይችላል። ዝዋይ ላይም አለ፤ ስለዚህ ከዚያም ቢመጣ ያው ነው። ይህ ውሃ መውጫ ወንዝ የሌለው ነው፤ የገባበት ነገር እዚያው ይኖራል። ጀልባውን ሳትጭኑ በፊት ወለሉን አስነስታችሁ ጭቃውን ጥረጉ፣ የያዘውን ውሃ በሙሉ አፍስሱ፣ በመኪና ማጠቢያ ግፊት አሳጥቡት፣ ከውሃም ርቆ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ያገለገለ መረብ ግን ከዚያ ጨርሶ አታምጡ፤ መረብን አጥቦ ማመን አይቻልም።

ለማጓጓዝ አንድ አይሱዙ ይበቃል፤ ሆኖም ሞተሩ ተፈትቶ፣ ቤንዚኑ ተቀድቶ ለብቻው ይጫን። ጀልባው ሆዱ መሬት እንዳይመታ በአሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ፤ ገመዱ ጎኖቹን ጨምድዶ እንዳይሰነጥቅ ከላይ ጠርዝ ለጠርዝ ሳይሆን ወደ ታች ይሳብ፤ «ቦታ አለው» ተብሎ ውስጡ ሽንኩርት እንዳይጫንበት ሹፌሩን አስጠንቅቁት፤ ይህ የሚሆን ነገር ነው። መንገዱ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ላይ ስለሚወጣ ሐይቅ ከተማን ደሴ ሳትደርሱ ነው የምታገኟት፤ ደሴ ድረስ አምጥቶ መመለስ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የብረቱን ጀልባ ከገዛችሁ ይህ ሁሉ ወጪ የለባችሁም፤ በሚዛኑ ላይ ወደ ብረቱ እንዳጋድል ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት የማስገር ፈቃድ ጉዳይ ይቅደም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በዚህ ውሃ ላይ የምትጠይቁት ተሁለደሬ ወረዳ ነው። አዲስ አስጋሪ የሚቀበሉት በግል ነው ወይስ በማኅበር፣ የመረቡ ዓይን ስንት መሆን አለበት፣ በየትኛው ወር ማስገር ይታገዳል የሚለውን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ጀልባ ገዝቶ ዳር ላይ አስሮ ፈቃድ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ የጀልባው ርዝመት፣ የተሠራበት ነገርና ምልክቱ፣ ሞተር ካለውም ማሰሪያው ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ይጻፍበት። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በምንም ዋጋ አይገዛም። ከባሕር ዳር የምታመጡ ከሆነ የውሉን ግልባጭ ሹፌሩ ይያዝ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ስለ ዋጋ የምላችሁ ጥቂት ነው። በሁዳዴ ዓሣ ስለሚወደድ ጀልባም ይወደዳል፤ ሻጭ የሚለሰልሰው ከትንሣኤ በኋላ ነውና ካልቸኮላችሁ ያኔ ተነጋገሩ። የብረቱ ጀልባ በጠመኔ ያከበባችሁት ቦታ ካለው በያጅ ወስዳችሁ የጥገናውን ዋጋ አስገምቱና ያንን ግምት ሻጩ ፊት አስቀምጡት፤ በቁጥር የተነገረ ጉድለት በአፍ ከሚነገር ይልቅ ዋጋ ያስቀንሳል። ከጥገናው በኋላ ውስጡን በሁለት እጅ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) አስቀብታችሁ ቀለሙን ከላዩ አድርጉ፤ ስቱኮ ግን በምንም ምክንያት አታስቀቡ። ልታዩት ስትሄዱ መዶሻ፣ ጠመኔ፣ ማግኔት፣ ባትሪና ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ ያዙ። ከደሴ ማልዳችሁ ተነሱ፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ሲያርፍበት በላሜራው ላይ ያለው ጉብጠትና የስቱኮ ልስን ቀትር ላይ ከሚታየው ይልቅ አፍጥጦ ይታያል።